መስኮቶች ሳይደራረቡ
(ስለ ኮምፒዩተር ገጽ አከፋፈል ታሪክና በአርባ ምንጭ ስላደረግነው ሙከራ)



የት/ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ጓደኞቻችን ስለ ሐይቆቻችን፥ ስለ አባቶቻችን ታሪክና ስለ ጤና አጠባበቅ ጽፈዋል። እኛ ደግሞ የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች የሆንን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ ትንሽ ነገር ታሪክ ልንጽፍ ወደናል። ይኸውም በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የሚከፈቱት መስኮቶች እንዴት እንደሚደለደሉ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ከ40 ዓመት የሚበልጥ ክርክር ያለበት ነው፤ ለእኛም ከመጣል የዳኑ ሰባት ኮምፒዩተሮችን አስገኝቶልናል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ሥራ ሲነገር ዓመቱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ የአገራችን ሥራ ሲነገር ግን «ዓ.ም.» እየተባለ በእኛ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

፩. ነገሩ የተጀመረበት ምክንያት

ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር የት/ቤቱ ንብረት ሲቈጠር በዕቃ ቤቱ ውስጥ 9 አሮጌ ኮምፒዩተሮች አቧራ ለብሰው ተገኙ። ቈጣሪዎቹም «የማያገለግል» በሚለው መዝገብ ሊያስገቧቸው ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ራም የሚባለው የሥራ ማስታወሻቸው 2 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ዊንዶውስ 11ን ሊሸከሙ አይችሉም፤ እርሱ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃልና። ሁለተኛው፥ ማውሶቻቸው ከፊሎቹ ጠፍተው፥ ከፊሎቹ ተሰብረው ስለ ነበር ከዘጠኙ ደኅና ማውስ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ማውስ የሌለው ኮምፒዩተር እጅ እንደሌለው ሰው ይቈጠር ነበር።

ነገር ግን አንድ አሳብ አላስተኛንም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ከመካከላችን ግን ከኪቦርድ ላይ ፊደል መትቶ የማያውቅ ብዙ ነው። በትምህርት ሰዓት አራትና አምስት ሆነን አንድ ኮምፒዩተር ስንከብ ቁልፉን የሚነካው ደፋሩ ብቻ ነበር፤ የቀረው ያያል። ያየ ሁሉ ደግሞ አይማርም። ከገጠር የመጡት ጓደኞቻችን፥ በተለይም ሴቶቹ፥ ከኋላ ቆመው ሰዓቱ ያልቅባቸው ነበር።

ስለዚህ መምህራችንን ፈቃድ ጠየቅን። እርሳቸውም «እስከ ገና ዕረፍት ድረስ ሠርተው ካሳያችሁኝ ከመዝገቡ እንዲሰረዙ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ ግን ይጣላሉ» አሉን። እኛም መፍትሔውን ስንፈልግ ከዚህ በታች ወደምንተርከው ታሪክ ገባን።

፪. መስኮት እንዴት ተወለደ?

በመጀመሪያው ዘመን ኮምፒዩተር መስኮት አልነበረውም። ሰው በቃል የተጻፈ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩም በቃል ይመልሳል። ይህ አሠራር የትእዛዝ መስመር ይባላል። በ1968 በታኅሣሥ ወር ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተሰበሰቡ ሊቃውንት ፊት ማውስንና በገጽ ላይ የሚታይ ሥራን አሳየ። ከዚያ በኋላ ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በካሊፎርኒያ ባቋቋመው የምርምር ጣቢያ በ1973 አልቶ የተባለ ኮምፒዩተር ተሠራ። በዚያም መስኮቶች በጠረጴዛ ላይ እንደ ተበተነ ወረቀት አንዱ በሌላው ላይ መደራረብ ጀመሩ።

ይሁን እንጂ ያው ዜሮክስ በ1981 ስታር የተባለውን ኮምፒዩተር ለገበያ ሲያወጣ መስኮቶቹ ጎን ለጎን እንዲደለደሉ እንጂ እንዳይደራረቡ አደረገ። ምክንያቱም የሚያስገርም ነው። ሠሪዎቹ አስቀድመው ሰዎች ሲሞክሩት ቢመለከቱ፥ ተጠቃሚዎቹ ብዙ ጊዜያቸውን መስኮቶቹን በማንቀሳቀስ ያጠፉ ነበር፤ የሚያንቀሳቅሷቸውም እንዳይደራረቡ ለማድረግ ነበር። «እንግዲያውስ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይደልድላቸው» ብለው ወሰኑ። ስታር ግን ዋጋው 16 ሺሕ ዶላር ያህል ስለ ነበር ብዙ ገዢ አላገኘም።

ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያም በኅዳር 1985 የመጀመሪያውን ዊንዶውስ ሲያወጣ መስኮቶቹ የሚደለደሉ እንጂ የሚደራረቡ አልነበሩም። አፕል ግን በ1984 ባወጣው ማኪንቶሽ የመደራረብን መንገድ ተከትሎ ነበር፤ ሕዝቡም ያን ወደደ። ስለዚህ ማይክሮሶፍት በ1987 መጨረሻ በሁለተኛው ዊንዶውስ መደራረብን ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ዓለም በአብዛኛው መደራረብን ተከተለ። እኛም ኮምፒዩተር ስናውቅ የምናውቀው በዚህ መልኩ ነው።

፫. ሹሙን ከአገልጋዩ የለየው አሳብ

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና መታጠፊያ ደረስን። በ1984 በአሜሪካ አገር ኤም አይ ቲ በተባለው የታወቀ ት/ቤት ሮበርት ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ ኤክስ የተባለ የመስኮት ሥርዓት ጀመሩ። ዛሬም የሚሠራበት 11ኛው እትም በ1987 ወጣ።

የኤክስ ትልቁ አሳብ ሥራን ከውሳኔ መለየት ነው። ኤክስ ራሱ መስኮት መሣልና የቁልፍን ምት መቀበል ብቻ ያውቃል። መስኮቱ የት ይቀመጥ፥ ስንት ያህል ይስፋ፥ ጠርዝ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለውን አይወስንም። ይህን የሚወስን ሌላ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አለ፤ እርሱም የመስኮት አስተዳዳሪ ይባላል። ተጠቃሚው ባይወደው አስተዳዳሪውን ሽሮ ሌላ ሊሾም ይችላል፤ የቀረው ሥርዓት ግን አይነካም። ቤቱ ሳይፈርስ የቤቱ አዛዥ እንደ መለወጥ ያለ ነው።

ይህ አሳብ ባይኖር ኖሮ እኛ በአርባ ምንጭ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ያደረግነው ነገር ሁሉ የማይቻል ይሆን ነበር።

በዚሁ ዘመን ሌላ ታላቅ ሥራ ይካሄድ ነበር። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ በሄልሲንኪ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓት እምብርት ጻፈ። በ1993 ደግሞ ኢያን መርዶክ የተባለ የ20 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ደቢያን የተባለውን ሥርዓት ጀመረ፤ ስሙንም ከወዳጁ ከዴብራና ከራሱ ስም አጣምሮ አወጣው። ሁለቱም ሥራቸውን ማንም እንዲወስደው፥ እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ለቀቁት። እነዚህ ወጣቶች ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙ የማይርቅ መሆኑን ስናነብ በመጀመሪያ ተገረምን፤ ቀጥሎም ትንሽ አፈርን።

፬. የደልዳዮቹ መመለስ

መደራረብ ዓለምን ከያዘ ከብዙ ዓመት በኋላ ከኪቦርድ የማይለዩ አንዳንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ማጕረምረም ጀመሩ። «በየደቂቃው እጃችንን ከኪቦርድ አንሥተን ማውስ እየያዝን መስኮት ስንጐትት ጊዜያችን ያልቃል» አሉ። ስለዚህ በ2000 ገደማ ቱኦሞ ቫልኮነን የተባለ የፊንላንድ ሰው አዮን የተባለ ደልዳይ የመስኮት አስተዳዳሪ አወጣ። በ2006 አንሰልም ጋርቤ የተባለ ጀርመናዊ ዲ-ደብሊው-ኤም የተባለውን ጻፈ፤ ጽሑፉም ከ2000 መስመር እንዳይበልጥ ወሰን አበጀለት። በ2007 ኤክስሞናድና ኦሰም የተባሉት ተከተሉ። በ2009 ደግሞ ሚካኤል ስታፐልበርግ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ አይ-ስሪ የተባለውን አወጣ። እኛ የመረጥነው ይህን ነው።

ምርጫችን ያለ ምክንያት አልነበረም። ዲ-ደብሊው-ኤም እጅግ ቀላል ቢሆንም አንድ ነገር ለመለወጥ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ራሱን አርሞ እንደ ገና ማቀናበር ያስፈልጋል፤ ኤክስሞናድም ሃስኬል የተባለውን ቋንቋ ማወቅ ይጠይቃል። አይ-ስሪ ግን ደንቡ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ስለ ተጻፈ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ተማሪ ሁሉ ሊያርመው ይችላል።

፭. ከእርከንና ከሸማኔ ጕድጓድ የተማርነው

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ለጋሞ ልጅ ምኑ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እኛ ግን አሳቡ ለአገራችን እንግዳ ሆኖ አላገኘነውም።

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ በየተራራው ገደል አባቶቻችን በድንጋይ የካቡትን እርከን ያያል። ገብሱ በአንዱ፥ እንሰቱ በሌላው፥ ድንቹ በሦስተኛው መደብ ይበቅላል። አንዱ ማሳ በሌላው ላይ አይወጣም፤ ባዶ የሚቀር መሬትም የለም። አዲስ ሰብል ሲመጣ ያለው መሬት እንደ ገና ይከፈላል እንጂ አንዱ አንዱን አይሸፍንም። ደልዳይ የመስኮት አስተዳዳሪ የሚሠራው ልክ እንዲሁ ነው። አንድ መስኮት ሲከፈት ገጹን ሁሉ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ገጹ ለሁለት ይከፈላል፤ ሦስተኛው ሲመጣ እንደ ገና ይከፈላል፤ አንዱ ሲዘጋ የቀሩት ቦታውን ይካፈሉታል።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከዶርዜ ሸማኔዎች እናገኛለን። ሸማኔው እግሮቹን በጕድጓዱ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል። እጁ መወርወሪያውን፥ እግሩ መርገጫውን ያንቀሳቅሳል፤ ዓይኑ ግን በሸማው ላይ ነው። እጁን ከመወርወሪያው አንሥቶ ዕቃ ፍለጋ ቢዞር ሥራው አይሄድም። በኪቦርድ ብቻ መሥራትም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ እጅ ይደናበራል፥ በኋላ ግን እጅ ራሱ መንገዱን ያውቃል።

ሦስተኛው ምሳሌ ስለ አሮጌ ዕቃ ነው። ከቀርቀሃ የሚሠራው የዶርዜ ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው አይፈርስም፤ የተበላው ይቈረጣል፤ ቤቱም ከበፊቱ ጥቂት አጥሮ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ካስፈለገም ሰዎች ተሰብስበው ወደ ሌላ ስፍራ ተሸክመው ይወስዱታል። እኛም አሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች እንደዚሁ ለማድረግ አሰብን፤ የከበደውን ቈርጦ መጣል፥ ምሰሶውን ግን ማቆየት።

፮. በትእዛዝ መስመር እንዴት እንደ ጫንነው

ትእዛዞቹ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን፤ እዚህ ግን ንባባቸውን በፊደላችን እናስቀምጣለን።

በመጀመሪያ የደቢያንን መጫኛ ከኢንተርኔት አውርደን በፍላሽ ላይ አኖርነው። መጫኛው በተራ ጽሑፍ መልክ በቀስት ቁልፎች፥ በታብና በክፍተት ቁልፍ ብቻ ስለሚታዘዝ የማውስ መጥፋት አላገደንም። መጫኛው «የትኛውን የገጽ ሥርዓት ልጫን?» ብሎ ሲጠይቅ ከዝርዝሩ ላይ ሁሉንም ምልክት አነሣን። ከባዱ ነገር የቀረው በዚህ ጊዜ ነው። ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ሲከፈት ጥቍር ገጽና አንዲት የምትብለጨለጭ መስመር ብቻ ታየ። ከኋላ የቆመ አንድ ጓደኛችን «ይኸው፥ ገደላችሁት» አለ። እኛ ግን ሩት በሚባለው ዋና ባለሥልጣን ስም ገብተን «አፕት ኢንስቶል ኤክስ-ኦርግ አይ-ስሪ» ብለን አዘዝን። ትርጕሙም ኤክስንና አይ-ስሪን ከነሚያስፈልጓቸው ሁሉ አምጥተህ ጫን ማለት ነው። ከዚያም በተራ ተጠቃሚ ስም ገብተን «ኤክስ-ኢኒት-አር-ሲ» በሚባለው የመነሻ ፋይል ውስጥ «ኤግዜክ አይ-ስሪ» የሚል አንድ መስመር ጽፈን «ስታርት-ኤክስ» ብለን አስነሣነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ሠራን፤ ለሚከተሉን እንዲጠቅም ሁለቱንም እንናገራለን።

የመጀመሪያው ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። የኢንተርኔቱን ዋጋ ያዋጣነው ከኪሳችን ነበር። «አፕት» በሚለው ትእዛዝ የወረዱት ጥቅሎች ተጭነው ካበቁ በኋላ ይሰረዛሉ፤ እኛም ይህን ባለማወቃችን ለሁለተኛው ኮምፒዩተር ያንኑ ሁሉ እንደ ገና ልናወርድ ሆነ። መጽሐፉን ደኅና አድርገን ካነበብን በኋላ ግን «አፕት-ጌት» የተባለው የቀድሞው ትእዛዝ ጥቅሎቹን በማከማቻው ውስጥ እንደሚያቆያቸው ተረዳን። ስለዚህ በሁለተኛው ኮምፒዩተር በ«አፕት-ጌት» አውርደን፥ ጥቅሎቹን በፍላሽ ገልብጠን፥ ለቀሩት ያለ ኢንተርኔት ጫንናቸው። አንድ ጊዜ የተቀዳ ውሃ ለብዙ ቤት በቃ።

ሁለተኛው ስሕተት ከችኰላ የመጣ ነው። አይ-ስሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የደንቡን ፋይል ልጻፍልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ዋና ቁልፍ የሚሆነው የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ወይስ «አልት» የተባለው እንደ ሆነ ያስመርጣል። ከመካከላችን አንዱ ሳያነብ «ኤስኬፕ» የተባለውን ቁልፍ መታ። ከዚያ በኋላ የዊንዶውሱን ቁልፍ ብንመታ ብንመታ ምንም አልሆነም። ግማሽ ቀን ከደከምን በኋላ ጥያቄውን የዘለለ ሰው «አልት»ን እንደ መረጠ እንደሚቈጠር ደረስንበት። ከዚያ ወዲህ በክበባችን «ኤስኬፕ መታህ ወይ?» ማለት «ሳታነብ አለፍክ ወይ?» ማለት ሆኖ ቀርቷል።

፯. ስለ ፊደላችን

ሥራው አለቀ ብለን ስንደሰት ሌላ ችግር ገጠመን። የአማርኛ ጽሑፍ ስንከፍት በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ታዩ። የገጽ ሥርዓቱን ሁሉ ስለ ተውን ከእርሱ ጋር የሚመጡት የፊደል ቅርፆችም ቀርተው ነበር።

ይህም ስለ ፊደላችን ታሪክ እንድናነብ አደረገን። ቀድሞ በአገራችን ፓወር ግዕዝ፥ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም የጽሑፍ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ሁሉም የየራሳቸው ቍጥር ስለ ነበራቸው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፥ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች የመወከያ ደንብ አወጡ። በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ በአንዱ አገር የተጻፈው በሌላው ይነበባል። በ2010 በወጣው 6ኛው የዩኒኮድ እትም ደግሞ ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፥ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት ተመዘገቡ። ዛሬ በት/ቤት ጋሞኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ቢሆንም፥ የአያቶቻችን ቋንቋ ስም በዚያ የዓለም መዝገብ ውስጥ መኖሩን ስናይ እጅግ ደስ አለን።

መፍትሔውም ከትእዛዝ መስመሩ አልራቀም። አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርፅ በአንድ ትእዛዝ ጫንን፤ ሣጥኖቹም ወደ ፊደል ተለወጡ። ለመጻፍ ደግሞ አይባስ የተባለውን መሣሪያ ከሴራ ደንብ ጋር ጭነን፥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ በአይ-ስሪ የደንብ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨመርን። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የአማርኛ ቃል «ሰላም» ነበር።

፰. ስለ አስተዳደሩ

መጫን አንድ ነገር ነው፤ ማስተዳደር ሌላ ነው። ተማሪው ሊያውቃቸው የሚገቡት ቁልፎች ግን ጥቂቶች ናቸው። ሁሉም ዋናው ቁልፍ ተይዞ ይመታሉ። «ኤንተር» የትእዛዝ መስመር ይከፍታል፤ «ዲ» የፕሮግራሞችን ስም ጽፎ ማስነሻ ያመጣል፤ የቀስት ቁልፎች ከመስኮት ወደ መስኮት ያሻግራሉ፤ «ኤች» ቀጣዩ መስኮት በጎን፥ «ቪ» ደግሞ ከታች እንዲከፈት ያደርጋሉ፤ «ኤፍ» አንዱን መስኮት በገጹ ሙሉ ያሰፋዋል፤ ከ«ሺፍት» ጋር «ኪው» መስኮቱን ይዘጋዋል። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቍጥሮችና 0 ደግሞ ወደ 10 የተለያዩ የሥራ ገጾች ይወስዳሉ። እኛ 1ኛውን ለፊደል መምቻ ልምምድ፥ 2ኛውን መጽሐፍ በግራ፥ ማስታወሻ በቀኝ አድርጎ ለማንበቢያ፥ 3ኛውን ለሒሳብ አደረግን።

ደንቡን ማረም የሚፈልግ ተማሪ ፋይሉን ከፍቶ ያርምና ዋናውን ቁልፍ፥ «ሺፍት»ንና «ሲ»ን አንድ ላይ ይመታል፤ አዲሱ ደንብ ወዲያው ይሠራል። ስሕተት ቢኖርበት አይ-ስሪ በገጹ ራስ ላይ ቀይ መስመር ያወጣል። መጀመሪያ ቀዩን መስመር ስናይ እንደነግጥ ነበር፤ በኋላ ግን ስሕተቱን የሚያሳይ እንጂ የሚቀጣ እንዳልሆነ ተረድተን ወደድነው። ደግሞም ሁልጊዜ ከማረማችን በፊት የቀድሞውን ፋይል ገልብጠን በሌላ ስም እናስቀምጣለን፤ መብራት በድንገት ቢጠፋም ሥራችን እንዳይበላሽ ነው።

፱. ሁለቱን ስንመዝን

እንግዲህ መደርደር ሁልጊዜ ከመደራረብ ይሻላል ብለን እንመስክርን? አይደለም። በ1986 ሣራ ብላይና ጃሬት ሮዘንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን አሠራሮች በሰዎች ፈትነው ነበር። መስኮቶችን ብዙ ማንቀሳቀስ በማያስፈልግበት ሥራ የተደለደሉት ፈጠኑ፤ ብዙ ማንቀሳቀስ በሚያስፈልግበት ሥራ ግን የለመዱ ሰዎች በተደራረቡት ፈጠኑ። ሥዕል ለሚሥልና ፎቶግራፍ ለሚያርም ሰው ማውስና ሰፊ ገጽ ይበጀዋል። ለሚያነብና ለሚጽፍ ተማሪ ግን ድልድሉ ይበቃዋል።

ደግሞም አይ-ስሪ አሮጌውን ኮምፒዩተር አዲስ አላደረገውም። ኢንተርኔት ስንከፍት ዛሬም ይዘገያል፤ የዛሬ ዘመን ድረ ገጾች ብዙ ማስታወሻ ይበላሉና። ከዘጠኙም ሁለቱ የውስጥ ዕቃቸው ስለ ተበላሸ አልተነሡም፤ ክፍሎቻቸውን አውጥተን ለሌሎቹ መጠገኛ አደረግን። የፈተናውም ነገር በሰባት ኮምፒዩተር የሚያልቅ አይደለም።

መደምደሚያ

የገና ዕረፍት ከመድረሱ በፊት ሰባቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ ክፍል ተደርድረው ለመምህራችን ታዩ። እርሳቸውም ተቀምጠው ማውስ ለመያዝ እጃቸውን ወደ ቀኝ ሰደዱ፤ ባዶ ጠረጴዛም ዳሰሱ፤ ሁላችንም ሣቅን። ከኋላ ትቆም ከነበሩት ልጆች አንዷ ቀረብ ብላ «ጋሼ፥ ዋናውን ቁልፍ ይዘው ኤንተር ይምቱ» አለቻቸው። እርሳቸውም እንዳለቻቸው አደረጉ፤ መስኮቱም ተከፈተ። በዚያ ሳምንት ሰባቱ ኮምፒዩተሮች ከሚጣሉት ዕቃዎች መዝገብ ተሰረዙ። እኛ ግን ከመዝገቡ መሰረዝ ይልቅ ያች ተማሪ መምህሯን ለማስተማር መድፈሯን ትልቅ ነገር አድርገን አየነው።

ከዚህ ታሪክ የተማርነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ዓለም ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ በ1980ዎቹ የተተወ አሳብ ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሶ ጠቅሟል። ሁለተኛ፥ ዕቃው የማይረባ የሚመስለን ብዙ ጊዜ አስተዳደሩ ስላልተስማማው ነው። ሦስተኛ፥ ዕውቀት ሲካፈሉት አያልቅም፤ ሊኑክስን፥ ደቢያንንና አይ-ስሪን የሠሩት ሰዎች እኛን አያውቁንም፥ እኛ ግን በሥራቸው ተጠቅመናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የሸማኔ ልጆች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን።

እኛ በዚህ ዓመት ከት/ቤታችን እንሰናበታለን። ሰባቱ ኮምፒዩተሮች ግን ይቀራሉ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ የደንቡ ፋይል ክፍት ነው፤ አንብቡት፥ አርሙት፥ ከእኛ የተሻለ አድርጋችሁ ጻፉት። ቀይ መስመር ቢወጣባችሁም አትደንግጡ። ኤስኬፕን ግን ሳታነቡ አትምቱ።